ነዳጁን ማን በላው?

የብስክሌት ክለቡን ሹፌር በስሙ የሚያውቀው መንጃ ፈቃዱ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ «ፍሬን» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ብስክሌተኞቹ ናቸው፤ አልተሳሳቱም። ሰውየው መንገድ ላይ ድመት ካየ ፍሬን ይይዛል፣ የድመት ጥላ ካየ ይይዛል፣ ምንም ካላየ ደግሞ «ዛሬ ምነው ጭር አለ» ብሎ ይይዛል። ሃያ ሁለት ዓመት መሪ ሲጨብጥ መኪና ላይ አንድ ጭረት አላሳረፈም። ይህን ጥንቃቄ ብለው ያወደሱለት አሉ። ጥንቃቄ አይደለም፤ ፍርሃት ነው፣ ያውም ምንም ያልተቀላቀለበት። ልጅ ሆኖ የትምህርት ቤት ደወል ያስደነግጠው ነበር፤ ሲያድግ የስልክ ጥሪ፤ ሲያገባ የበር ኳኳታ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። እሷ እንደምትለው «እንጋባ» ያለችው ራሷ ናት፤ እሱ «እሺ» ለማለት አንድ ሳምንት ፈጅቶበታል።

ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ግን ማህተም ያለበት ወረቀት ነው። ከፊቱ የጭነት መኪና ቢመጣበት ቢያንስ ወደየት እንደሚጠመዝዝ ያውቃል። ከወረቀት ወዴት ይጠመዘዛል?

ወረቀት ደግሞ በዚያ ክለብ እንደ ጉንፋን ነው፤ ከአንድ ጠረጴዛ ይነሳና ሁሉን ያዳርሳል። ምንጩ ሊቀመንበሩ ነው። ሊቀመንበሩ በዕድሜው ብስክሌት ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ወንበር ላይ ግን አንዴ ወጥቶ አልወረደም። ቢሮው ውስጥ ዋንጫ የሌለበት የዋንጫ መደርደሪያ አለ፤ ፋይልና የሻይ ፔርሙዝ ተደርድሮበታል። ክለቡ ባለፉት ስድስት ዓመታት ያሸነፈው ውድድር ቢኖር የስብሰባ ውድድር ነው።

የዚህ ታሪክ ጣጣ የጀመረው ሊቀመንበሩ ፖርቶመጋላ ያስመጣ ዕለት ነው። ቀድሞ ብስክሌቶቹ ከተራራው ወዲያ ወዳለው የልምምድ ካምፕ የሚሄዱት በኪራይ አይሱዙ ነበር። አሁን በክለቡ አሮጌ የቤት መኪና ጣሪያ ላይ አምስት ብስክሌት አቁሞ የሚያስር ይህ የብረት ጭነት መያዣ ተገጠመ። ምርቃት ተደረገ። ሪባኑ የታሰረው ጣሪያው ላይ ስለነበር ሊቀመንበሩ መሰላል ወጥቶ ቆረጠው፤ መሰላሉን ሁለት ሰው ያዘለት። ከመሰላሉ ላይ እንዳለም ንግግር አደረገ። አምስቱ ብስክሌት ተደምረው አንድ ወፍራም ሰው እንደማያክሉ፣ ስለዚህም መኪናዋ መጫኗን እንኳ እንደማታውቅ አስረዳ። «አንድ ወፍራም ሰው» ሲል መሰላሉን የያዙት ሁለቱ ሰዎች አንድ ላይ ሳል ያዛቸው።

በማግስቱ ሰርኩላር ወጣ። ደርሶ መልሱ ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነው፤ ለዚህም መኪናዋ ባዶዋን በምትሄድበት በቀድሞው ልክ ሃያ ሁለት ሊትር ይፈቀዳል። ሹፌሩ በሦስት ሰዓት ውስጥ ደርሶ ይመለሳል፤ በሜዳው ላይ ከመቶ በታች አይነዳም። መጨረሻው ላይ «የሚዘገይ ሹፌር የስፖርት ጠላት ነው» የሚል በደማቅ ጥቁር ፊደል ሰፍሯል። ፍሬን ከስልሳ በላይ ነድቶ የማያውቅ ሰው ነው። ግን ከሞትና ከማህተም ምረጥ ቢሉት ሞትን ይመርጣል። መቶውን ነዳ፤ ሲነዳ ጀርባው ላይ ሸሚዙ ይጣበቃል፤ ከራሱ በላይ ደግሞ በብስክሌቶቹ ሽቦዎች መሃል ነፋሱ ያለማቋረጥ ይጮሃል።

ሃያ ሁለቱ ሊትር አልበቃ አለ። መጀመሪያ ቀን፣ የነዳጅ ጋኑ ውስጥ የቆየ ቤንዚን ተጨምሮበት እንኳ፣ ከተማ መግቢያ ላይ ቀይዋ መብራት በራች። በሁለተኛው ተጨማሪ ኩፖን ጠየቀ። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም ጠየቀ። በአምስተኛው በኩፖኑ ፈንታ ወረቀት መጣለት።

ወረቀቱን ያነበበው መሪው ላይ ዘርግቶ ነው። «የክለቡ ነዳጅ መበላቱ ስለተደረሰበት፣ ማን እንደበላው በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያስረዱ፤ ይህ ካልሆነ ጉዳዩን ለፖሊስ የምንመራ መሆኑን እናሳውቃለን።» ክብ ማህተም፣ ከሥሩ ፊርማ፣ ከፊርማው ሥር ሌላ ማህተም። ፍሬን ክው አለ። ወረቀቱን ሲያጥፍ ክንዱ ጥሩምባውን ነካውና መኪናዋ ጮኸች፤ በዚያም ደግሞ ደነገጠ። እስር ቤቱን ያውቀዋል፤ በየቀኑ በደጁ ያልፋል፣ ሲያልፍም ዓይኑን ወደ ሌላ ያደርጋል። ያኔ የብረት በሩ ብቻ ነበር የሚታየው። አሁን ከበሩ ውስጥ ሆኖ ወደ ውጭ ሲያይ ታየው።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል ሳህኑን አመለከተችው።

«ብላ።»

ፍሬን ከወንበሩ ዘለለ። ሚስቱ ፔዳሉን አቆመች። ምን ነካህ አለችው። ሰው ቃል ይፈራል እንዴ? ይፈራል። መኪና ነዳጅ ሲጨርስ «በላች» ይባላል፤ ሹፌር ነዳጅ ሲሸጥም «በላ» ይባላል። ቋንቋው አንድ አፍ ነው የሰጣቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ይቺ መኪና ትበላለች» ሲል የኖረ ሰው፣ ዛሬ ቃሉ ዞሮ እሱን ይዞታል።

ወረቀቱን ሰጣት። አነበበችው፤ ገልብጣ ጀርባውን አየች። በላህ ወይ ብላ ጠየቀችው። አልበላሁም አለ። አውቃለሁ አለች፤ «አንተ ሰውዬ እንኳን ነዳጅ ልትሰርቅ፣ ከገዛ ኪስህ ስታወጣም ግራ ቀኝ ታያለህ።» ከዚያ ስለ መኪናዋ አንድ በአንድ ጠየቀችው፤ መቼ ጀመረ፣ ምን ተጨመረ፣ ምን ተቀየረ። እሱም የሚያውቀውን ነገራት፤ ከብስክሌቶቹ ወዲህ ቤንዚኑን እንደ ድሮው ያህል መርገጥ እንደማይበቃ፣ መኪናዋ ከኋላ ሰው የያዛት እንደሚመስል፣ ጩኸቱንም ነገራት። ግን ብስክሌቶቹ ቀላል ናቸው አለ፤ ሊቀመንበሩ በንግግሩ አረጋግጧል።

ልብስ ሰፊዋ በመስኮቱ ወደ ግቢው አመለከተች። የልብስ ማስጫ ገመዱ የታሰረበት ብረት ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ተጣሟል። ያጣመመው ምን እንደሆነ ታስታውሳለህ ወይ አለችው። ያስታውሳል፤ አንድ አንሶላ ነው። እርጥብ ጂንስ ሲሰጣበት ምንም ያልሆነው ብረት፣ ነፋስ ቀን በአንድ አንሶላ ተጣመመ።

«አንሶላው ከበደ?» አለችው። «ነፋሱ ነው እኮ የያዘው። አንተ በመቶ እየነዳህ አምስት አንሶላ ጣሪያህ ላይ ዘርግተህ ትሄዳለህ።»

ፍሬን በሕይወቱ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ደስ ያለው ሰው ደግሞ ቂል ነው። ወዲያው ወረቀት አወጣና አንድ አረፍተ ነገር ጻፈ፤ ለሚስቱ ሳያሳይ ሮጦ አስገባ። የጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ለክቡር ሊቀመንበር። ነዳጁን የበሉት ብስክሌቶቹ ናቸው።»

ነፋስ የሚለውን ቃል ዘለለው። መቶ ኪሎ ሜትር የሚለውን ዘለለው፤ ሰርኩላሩን የሚነቅፍ መስሎት ፈራ። ፈሪ ሰው ሲጽፍ የሚጠቅመውን ቆርጦ የሚጎዳውን ያስቀራል።

ኮሚቴው ፊት ሲነበብ መጀመሪያ ተሳቀ። አንዱ አባል፣ ብስክሌት ነዳጅ የሚበላ ከሆነ የእሱ ቤት ቁም ሣጥን ጋዝ ይጠጣል ማለት ነው አለ። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። እሱ መርቆ ሪባን የቆረጠለት ፖርቶመጋላ ላይ የተጫነ ንብረት በሌብነት ሲከሰስ ከዚህ የበለጠ ንቀት የት አለ? «በኮሚቴው ላይ አሹፏል» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተያዘ። ፍሬን በሩ አጠገብ ቆሞ ቆቡን በሁለት እጁ ይጠመዝዝ ነበር። ሰኞ ለፖሊስ ይመራ የሚለው ሲወሰን ወለሉ ላይ ያለችውን አንዲት ስንጥቅ እያየ ነበር፤ እሷን ቢያሰፉለት ይገባባት ነበር።

ያዳነችው አንዲት ሴት ናት፤ ለማዳን ብላ ግን አይደለም። ስብሰባውን ልትታዘብ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣች የቁጥጥር ሠራተኛ ነበረች። ያለ ማስመሪያ መስመር ስለማታሰምር «ማስመሪያ» ይሏታል። የሰው ስሜት ለእሷ የኅዳግ ማስታወሻ ነው። ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ የቀረበው ነገር ወይ እውነት ነው ወይ ውሸት ነው፣ በሁለቱም በኩል በመንገድ ላይ ይለካል፤ ቅዳሜ ራሴ አብሬው እሄዳለሁ አለች። ሊቀመንበሩ በፈገግታ ፈቀደ። ሌባው ከምስክር ጋር ሊያዝ ነው ብሎ።

ቅዳሜ ጠዋት የመኪናዋ የነዳጅ ጋን እስኪደርቅ ተንጠባጠበ። ማስመሪያ በመለኪያ ጣሳ ሃያ ሁለት ሊትር ራሷ ቀዳች። ክዳኑ ላይ ወረቀት ለጠፈች፤ ወረቀቱ ላይ ማህተም መታች። ፍሬን አየና ከመኪናዋ አንድ እርምጃ ራቀ። የሚፈራው ነገር ከእንግዲህ ቢሮ ውስጥ አልነበረም፤ መኪናው ላይ ተለጥፎ አብሮት ሊሄድ ነው። እሷም ደንቡን ነገረችው፤ ማህተሙ መንገድ ላይ ከተቀደደ ፈተናው ዋጋ የለውም። ፈተናው ዋጋ ከሌለው ሰኞ አለ።

አምስቱ ብስክሌት ቆመው ታሰሩ። ወጡ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ እንደ ሰርኩላሩ መቶ ረገጠ፤ ጩኸቱም ጀመረ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚያፏጨው?»

«እሱ ነው፣ እህቴ። ሲበላ ነው።»

ጻፈችው፤ ከሥሩ አሰመረችበት። ካምፑ ሳይደርሱ የነዳጁ ምልክት ከግማሽ በታች ወረደ። ማስመሪያ የተጣበቀ መስሏት የምልክቱን መስተዋት በእርሳሷ መታችው። ምልክቱ ከፍ አላለም። ሁለተኛ መታችው። ፍሬን አትምቺው ሊል አስቦ ተወው፤ ከመንግሥት እርሳስ ጋር ሊጣላ አይደለም።

ሲመለሱ ነፋሱ ከፊት ሆነ። ከተራራው ግርጌ ካለው ማደያ ሲደርሱ ቀይዋ መብራት በርታለች። ፍሬን ፍጥነት ቀነሰ። አንደበቱ እየተያያዘ፣ ከዚህ በኋላ አርባ ኪሎ ሜትር ዳገት፣ ከዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት እንደሆነ፣ ነዳጁ እንደማያደርስ፣ በመሃል ቢያልቅ ጥሩ እንደማይሆን ነገራት። እሷም ማደያውን አየች፣ ማህተሙን አሰበች። ከቀደድነው የሚወሰነውን አንተም ታውቃለህ፤ ሹፌሩ አንተ ነህ፣ የምትለውን እሰማለሁ አለችው።

ምርጫውን ለፈሪ ሰው ሰጠችው። በቀኙ ማደያ፤ ከማደያው ማዶ ሰኞ። በፊቱ ተራራ። ፍሬን ሁለቱን ፍርሃቶች መዘነ። እግሩን ከፍሬኑ ላይ አነሳ። በሕይወቱ ፍሬን ያልያዘበት ጊዜ ያ ብቻ ነው፤ እሱም ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ወረቀቱ በልጦበት ነው።

ዳገቱን ወጡት። ጫፉን አልፈው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ሞተሩ አንዴ ተንደፋደፈ። ፍሬን ደነገጠና ፍሪሲዮኑን ረገጠ፤ ሞተሩም ጨርሶ ጠፋ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት ሁሉ አንድ ላይ በራ። ፍሬኑን ረገጠ፤ ያዘ። እንደ ልማዱ ደጋግሞ ረገጠ፤ የጠፋ ሞተር ፍሬን ስለማያግዝ በአራተኛው ፔዳሉ ከእግሩ በታች ድንጋይ ሆነ። መሪውም ከበደ። መኪናዋ ግን ትወርዳለች፣ ትፈጥናለች፣ ከላይ ብስክሌቶቹ ይንገዳገዳሉ፤ በስተግራ መከላከያ የሌለው ገደል፣ ከታች ደግሞ እያንኮራፋ የሚወጣ ተሳቢ። ሰውየው በዘመኑ ሁሉ ይመጣል ብሎ ሲጠብቀው የኖረው ነገር መጣ። ፍሬን ያለ ፍሬን ቀረ።

ማስመሪያ ከጎኑ ማስመሪያዋን በሁለት እጇ ጨበጠች። ተሳቢው መብራቱን ብልጭ አደረገ፤ ጥሩምባው ተራራውን ሞላው። ያኔ ነው ሃያ ሁለት ዓመት የፈራው እግር ከጭንቅላቱ ቀድሞ የሠራው። ማርሹን ወደ ሁለት ከተተ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ፤ መኪናዋ አጓርታ ተያዘች። ሞተሩ በጎማዎቹ ግፊት ብቻ መዞር ጀመረ፤ መሪው መልሶ ላላ። ተሳቢው በአንድ ክንድ ርቀት አለፈ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያለ ሳበ፤ የመንገድ ሠራተኞች ትተውት የሄዱት የጠጠር ክምር ታየው፤ የመኪናዋን አፍንጫ ሰካበት። ቆመች።

ጣሪያው ላይ የአንዷ ብስክሌት ጎማ ገና ይሽከረከራል። ፍሬን እጆቹን ከመሪው ላይ ማላቀቅ አቃተው። ወደ ጎን ሲያይ የማስመሪያ ፊት አመድ መስሏል፤ የእንጨት ማስመሪያዋ በሁለት እጆቿ ለሁለት ተሰብሮ ነበር።

«ጋሼ፣ ማህተሙ አልተቀደደም አይደል?» አለች።

ወርዳ አየችው። አልተቀደደም። ጋኑ ደረቅ ነው። ኪሎ ሜትሩን ጻፈች፤ መቶ ዘጠና አምስት። ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ይቀራል።

ስልክ አይሠራም። ቀጣዩ ማደያ ያለው ከታች አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ማስመሪያ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ አንዱን ብስክሌት እንዲያወርድላት ነገረችው። ብስክሌት ሲያጓጉዝ የሰነበተው ሰውዬ ራሱ መንዳት እንደማይችል የተናዘዘው ያን ጊዜ ነው፤ ሚዛኑ ያስፈራዋል። እሷ ግን ልጅ እያለች በብስክሌት ዳቦ ታደርስ ነበር። ጄሪካኑን በገመድ ጀርባዋ ላይ አሰረችና ነዳጅ በላ የተባለው ብስክሌት ላይ ወጥታ ነዳጅ ልታመጣ ወረደች።

ፍሬን ብቻውን ቀረ። ደብተሯን ወንበሩ ላይ ትታው ነበር። ነፋስ ገጾቹን ገለጠ፤ ስለ እሱ የተጻፈው እዚያ ነው። እጁን ቢዘረጋ ዕጣ ፈንታውን ያነባል። ቢነካው ደግሞ የጣት አሻራ ይገኛል። ፊቱን አዙሮ ቆመ። መኪና ባለፈ ቁጥር ፖሊስ መሰለው። ደመና ሲያልፍ እንኳ ቀና ብሎ አየ። እሷ በአንድ ጭነት መኪና ብስክሌቷን አስጭና፣ ጄሪካኑን ይዛ እስክትመለስ ድረስ ሁለት ሰዓት ከሩብ እንዲህ ቆመ።

ማስመሪያ የሰኞውን ክስ አስቆመችና በሐሙሱ ያንኑ ፈተና ደገመችው፤ ያው ሰው፣ ያው መንገድ፣ ያው መቶ፣ ያው ሃያ ሁለት ሊትር። ፖርቶመጋላው ብቻ ተፈታ፣ ብስክሌቶቹም ቤት ቀሩ። ጩኸት የለም። ክለቡ በር ላይ ሲደርሱ ጋኑ ውስጥ ሁለት ሊትር ያህል ተርፎ ነበር።

ሪፖርቷ ግማሽ ገጽ ነው፤ ነዳጁን የበላው ፖርቶመጋላው ላይ ያሉትን ብስክሌቶች በመቶ ፍጥነት የሚያገኛቸው ነፋስ እንደሆነ፣ ፍጥነቱ ወደ ሰባ ቢወርድ የሚበላው በጣም እንደሚቀንስ፣ ሹፌሩ ምንም እንዳልነካ ይላል። አዲስ የብረት ማስመሪያ ገዝታ «ምንም» የሚለው ላይ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

ሊቀመንበሩ አንብቦ ተጨነቀ። ሹፌሩ ካልበላ፣ የበላው ፖርቶመጋላው ነው። ፖርቶመጋላው ከበላ፣ ሪባኑን የቆረጠው ማን ነው? የወረቀት ጀግኖች ግን እንዲህ ያለ ቀን የሚሸሸጉባት አንዲት ጉድጓድ አለቻቸው፤ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ አድራጊ የሚባል ፍጡር አይኖርም። ለፍሬን የደረሰው የመጨረሻ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «ነዳጁ የተበላ መሆኑ ተረጋግጧል። ጉዳዩ ተዘግቷል። ከእንግዲህ ብስክሌት ሲጫን ከሰባ በላይ እንዳይነዳ።»

ማን በላ? ተበላ። በቃ።

ማስመሪያ ተቃወመች፣ ስም ይጻፍ አለች፤ በሳምንቱ ወደ ሌላ ቁጥጥር ተላከች። ፍሬን ደብዳቤውን ይዞ ቤት ገባ። ልብስ ሰፊዋ አነበበችውና ገልብጣ ጀርባውን አየች። ስሙ የለም፤ ፖሊስ የለም፤ «አልበላም» የሚልም የለም። ነጻ ወጥተሃል አለችው። እሱ ግን ደብዳቤውን ደጋግሞ አነበበው፤ «ተበላ» የሚለው ቃል ከፊቱ ባዶ ወንበር ይዞ እንደቆመ፣ አንድ ቀን አንድ ሰው መጥቶ ስሙን እዚያ ላይ ሊያስቀምጥበት እንደሚችል ታየው። ደብዳቤውን አጥፎ አጥፎ ከመኪናዋ የፀሐይ መከላከያ ጀርባ ወተፈው፤ እስካሁን እዚያ ነው። ግቢው ውስጥ የተጣመመውን ብረትም አቃንቶ በድንጋይ ደገፈው።

ማታ ሚስቱ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።

«ብላ እንግዲህ።»

መጀመሪያ ተነስቶ በሩ መቆለፉን አየ። ከዚያ ተቀምጦ በላ።